በጉንጭ የቀረ ቃል

ደሴ ውስጥ «እሺ» የሚለው ቃል ከቤት ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። አዋጅ ወጥቶበት አይደለም፤ ሰዉ ራሱ ነው ያስወጣው። ግድግዳው ይጠይቃል፣ ምድጃው ይጠይቃል፣ የታክሲው ወንበርና የዳቦ ቤቱ መስኮት ይጠይቃሉ፤ ሁሉም የሚጠብቁት ያቺኑ አንዲት ቃል ነው። እሷ ካመለጠች ውል ተፈርሟል፤ ጠበቃ ብትይዝም አትመልሳትም።

ስለዚህ ሰዉ መላ አበጀ። ስልክ ሲዘጋ «በል፣ ሰማሁ» ይባባላል። ሚስት ሽንኩርት ይዘህ ና ስትል ባል ራሱን ነቅንቆ ይወጣል። ትምህርት ቤት የቃል ጥንቃቄ የሚባል ክፍለ ጊዜ አለ፤ ሕፃናቱ «ሰማሁ፣ አስብበታለሁ፣ አልወሰንኩም» እያሉ በዜማ ይሸመድዳሉ። ልጅ ለመጠየቅ የሚላኩ ሽማግሌዎችም ነገሩን ሳሎን ከጀመሩ በኋላ፣ ቁርጡን ለመስማት ከልጅቷ አባት ጋር ከአጥር ውጭ ወጥተው ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። ሸዋ በር አካባቢ አንድ አባት ዝናብ አስቸግሮት እዚያው ሳሎን ውስጥ «እሺ፣ ሰጥቻለሁ» ቢል፣ ለካ ሶፋው በዚያችው ቅጽበት ስለ ዋስትና ማራዘሚያ ጠይቆት ኖሯል፤ ልጁንም ዳረ፣ የሶፋውንም ዋስትና እስከ ልጅ ልጁ አራዝሞ አደረ ይባላል። ከተማው ሲስቅበት ከረመ። ከዚያ ወዲህ ዝናብ ቢዘንብም ድንጋዩ ላይ ነው።

ወጣቱ ለምዶታል። ያልሆነላቸው ሽማግሌዎቹ ናቸው። ለእነሱ «እሺ» ስምምነት አይደለም። ሰምቼሃለሁ ነው፤ ተቀመጥ ነው፤ በደህና ግባ ነው፤ አንዳንዴም በቃ ተወኝ ነው። ሰው ሲናገር ዝም ብሎ ማየት ነውር ስለሚሆንባቸው በመሃል ጣል የሚያደርጓት ቃል ነች። ዕድሜ ልክ የተናገሩትን ቃል በስተርጅና እንዴት ብለው ይተዉት?

አቶ ይመር ከእነዚህ አንዱ ነበሩ። መኪኖቹ ራሳቸውን መንዳት ከመጀመራቸው በፊት፣ ደሴ መናኸሪያ ተራ አስከባሪ ሆነው ያረጁ ሰው ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ። ሲቆጡ ያየ ሰው የለም። ኩላሊታቸው ሲደክም፣ ቤት ድረስ የሚመጣው የኩላሊት እጥበት አገልግሎት ማሽን አመጣላቸው፤ ቁመቱ ፍሪጅ የሚያህል፣ ግንባሩ ላይ አረንጓዴ መብራት ያለው፣ አነጋገሩ ትሁት። ከአልጋቸው ጎን ቆሞ ደማቸውን ያጥባል። ደሙን የሚያጥብበት ማጣሪያ ደግሞ ከአገልግሎቱ በተራ ይላካል፤ ባጠረ ጊዜ ማሽኑ ይጠይቃል።

«አቶ ይመር፣ እንደምን ዋሉ። ዛሬ ማጣሪያ አጥሯል። ሐይቅ ላይ አንዲት ወጣት እናት እየጠበቀች ነው። ተራዎን ይለቁላታል?»

ይህን ጥያቄ ያዘጋጀው ሰው የአገራችንን ሽማግሌ ጠንቅቆ የሚያውቅ መሆን አለበት፤ ወይም ጨርሶ የማያውቅ።

አቶ ይመር «እሺ» አሉ። ምን ይበሉ? እናት ነች እየተባለ አይሆንም የሚሉበት አፍ አልነበራቸውም። በሌላ ጊዜ ተማሪ ነበር፤ በሌላ ጊዜ ሠርጉ የደረሰ ሙሽራ። ይሉኝታ እንደሆነ ማጣሪያ የለውም። እግራቸው እያበጠ ሄዶ ጫማ አልገባ ሲል ነው ባለቤታቸው ወይዘሮ ትዋብ የነቁት።

«ማናት እሷ ተራህን የለቀቅክላት?»

«እናት ናት አሉ።»

«አየሃት?»

«ኧረ የት አይቻት።»

ወይዘሮ ትዋብ ባላቸውን እንደ ተማሪ አስቀምጠው አስጠኗቸው። «አልለቅም በል።» «አልለቅም።» «ጮክ ብለህ፣ ሰው እንዲሰማህ።» «አልለቅም።» «ሲጠይቅህ ምን ትላለህ?» «አልለቅም እላለሁ።» «ማልልኝ።» አቶ ይመር ማሉ። ልጃቸው ወለላ ከኮምቦልቻ ደውላ ኖሮ ይህን ሁሉ በስልክ ሰማች፤ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ያን ሳቅ አሁን ስታስታውሰው ጥርሷን ማውለቅ ያምራታል።

ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ ትዋብ ጎረቤት ለቅሶ ሊደርሱ ወጡ። ማሽኑ ጠየቀ። አገልግሎቱ ደንብ አለው፤ ተራውን ደጋግሞ የለቀቀ ታካሚ ሕክምናውን እንደተወ ይቆጠራል፣ ማጣሪያውም ለሌላ ይዞራል። አቶ ይመር ሳምንት አልቆዩም። የሞት ማስረጃው ሲመጣ የሞት ምክንያት በሚለው ፊት ለፊት አንዲት ቃል ተጽፋለች። «በፈቃዱ» ትላለች።

ወይዘሮ ትዋብ ማንበብ ይችላሉ። ባይችሉ ይሻል ነበር። ወረቀቱን አንብበው፣ አጥፈው፣ ፍራሹ ሥር ከተቱት፤ ከዚያ ለቀስተኛው ቤት እንደሞላ ወደ ጓዳ ገብተው ጥቁር ልብሳቸውን አውልቀው ቢጫ ቀሚስ ለብሰው ወጡ። አርባው እንኳ አልወጣም። ዕድርተኛው አፉን ያዘ።

«ምሎልኝ ነበር» አሉ። «ቆሜ አስጠንቼው፣ ምሎልኝ፣ እኔ ዞር ስል ትቶኝ ሄደ። በፈቃዱ ትቶኝ ለሄደ ሰው ጥቁር አልለብስም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የባላቸውን ስም አልጠሩም። ሰው ሲጠራባቸው ተነስተው ይወጣሉ። ወለላን ከሞቱ ይልቅ ይህ ጎዳት። አባቷ አርፈዋል፤ እናቷ ግን ከሞተ ሰው ጋር ተኳርፈው ነው የሚያድሩት፣ ይህን ኩርፊያ ደግሞ የሚያስታርቅ ሽማግሌ የለም። የምትፈልገው ያቺ ቃል ከወረቀቱ ላይ እንድትነሳ ነበር። ሌላ ምንም አልፈለገችም።

መንገዱን ደግሞ ታውቀዋለች፤ ሥራዋ ነው። ኮምቦልቻ የማሽን ምርመራ ቢሮ ውስጥ ሰው የገደለ፣ ሰው ያሳሳተ ወይም ዝም ብሎ የቆመ ማሽን ይመጣላታል፤ እሷ ፕሮሰሰሩ በመጨረሻዋ ቅጽበት ምን ይዞ እንደነበር ታነባለች። መጽሐፉ ካሽ ሜሞሪ ይለዋል። የቢሮው ሰው ጉንጭ ነው የሚለው። ማሽን የሰማውን መጀመሪያ ጉንጩ ላይ ይይዛል፤ የሚጠቅመውን ብቻ መርጦ ወደ ሆዱ ያወርዳል። እንዲህ ያለውን ክርክር የሚያየው የቃል ችሎት ሲጠይቅ ማሽኑ የሚያወጣው ከሆዱ ነው፤ አቶ ይመር ከተናገሩት ውስጥ ሆዱ የገባው «እሺ» ብቻ ነው። የፈለገውን ካገኘ በኋላ የቀረውን ለምን ይውጠው? ጆሮው ግን ወዲያው አይዘጋም። ለጥቂት ጊዜ ክፍት ሆኖ ይቆያል፣ በዚያ መሃል የሰማው ሳይዋጥ፣ ሳይተፋም፣ ጉንጩ ላይ ይቀራል። አዲስ ነገር መጥቶ እስኪገፋው ወይም ኃይል እስኪቋረጥበት ድረስ እዚያው ነው።

ያ ማሽን ደግሞ ከአቶ ይመር «እሺ» በኋላ የሚሠራው ሥራ አልነበረውም። አገልግሎቱ መጥቶ እስኪወስደው ቆሞ ይጠብቃል። ወለላ በቀብሩ ዕለት፣ ገና አፈሩ ከጫማዋ ሳይራገፍ፣ እናቷን ይዛ «እማዬ፣ በጠላሽው ጥዪው፣ ሶኬቱን ብቻ እንዳትነኪ» ብላቸው ነበር። ወይዘሮ ትዋብ አልነኩም። ነጠላ ጣሉበት። አረንጓዴው መብራት በነጠላው ውስጥ እያበራ፣ ከባላቸው ባዶ አልጋ አጠገብ ከርመዋል።

የማሽኑን ጉንጭ የሚያነብ ሰው የሟች ልጅ እንዳይሆን የሚከለክል ሕግ የለም። ሕጉን የጻፉት ሰዎች ማሽን የሚያነብ ሰውም አባት ይኖረዋል ብለው አላሰቡም።

ችግሩ ሌላ ነው። ጉንጩን የሚያነብ ፕሮግራም ራሱ ጉንጩ ውስጥ ገብቶ ነው የሚሠራው፤ ሲገባ ደግሞ የነበረውን ይገፋል። የሰው እግር ፈለግ ሊያይ ጭቃ ግቢ የገባ ሰው የራሱን እግር አትሞ እንደሚወጣ ማለት ነው። በዚህ ዘመን ፕሮግራም የሚጻፈው ለሌላ ማሽን በቃል በመንገር ነው፤ የሚመጣውም ጤና ይስጥልኝ ለማለት መጋዘን የሚሞላ ጉድ ነው። እንዲህ ያለው ወደ ጉንጩ ቢገባ የአቶ ይመርን ቃል ከሥሩ ጠርጎ ያወጣዋል። ስለዚህ ወለላ በእጇ ጻፈች። ሲ በሚባለው አሮጌ ቋንቋ ውስጥ፣ ከፕሮሰሰሩ ጋር ፊት ለፊት የሚያነጋግሩትን የአሴምብሊ ትእዛዞች አንድ በአንድ፣ እየቆጠበች አስገባች። ዋናዎቹ ሦስት ናቸው። አንዱ ጉንጩ የተከፋፈለበትን ረድፍና መደርደሪያ ጠርቶ ይጠይቃል። ሁለተኛው መልሱ እስኪደርስ ያስጠብቃል፤ እሱ ከተረሳ ፕሮሰሰሩ ቸኩሎ የሌላ ረድፍ መልስ ያስይዝሃል። ሦስተኛው የመጣውን አንስቶ የትም ሳያስቀምጥ በሽቦ ወደ ውጭ ይሰዳል። ጠይቅ፣ ጠብቅ፣ አንሳ። ይኸው ነው።

ከዚህ በላይ ግን አንድ ነገር አለ፤ ማኅተም። ደንቡ አንባቢው ሙሉ ስሙን ከነአባቱ ፕሮግራሙ ውስጥ እንዲጽፍ ያዛል፤ ማኅተም የሌለው ንባብ ችሎት ፊት አይቀርብም። ማኅተሙም አንድ ረድፍ ሙሉ ይይዛል።

የቢሮ ጓደኛዋ ጌጡ ፕሮግራሙን አየና ጢሙን አሻሸ። ጌጡ በዚህ ሥራ ከእሷ የቀደመ፣ ከደንብ ይልቅ ጓደኛ የሚወድ ሰው ነው።

«ማኅተሙን ተይው» አላት።

«እንዴት እተወዋለሁ?»

«አባትሽ ምን እንዳሉ መስማት ነው የምትፈልጊው? ተይውና ስሚ። ማኅተሙን ካስገባሽ አንድ ረድፍ ይበላል፤ የት እንደሚያርፍ ደግሞ አታውቂም።»

«ማኅተም ከሌለው ችሎቱ አይሰማኝም፣ ጌጡ።»

«ችሎቱ ገደል ይግባ!»

«እኔ ብቻዬን ሰምቼው ምን ይረባኛል? ቃሏ ከወረቀቱ መነሳት አለባት። እማዬ ጥቁሯን አውልቃለች እኮ።»

ጌጡ ፕሮግራሙን እንደገና አየው። ቆይቶ «ረድፉ ብዙ ነው፤ ሌላ ቦታ ያርፍ ይሆናል» አለ። እንዲያ ያለው ሊያጽናናት እንጂ አምኖበት እንዳልሆነ ሁለቱም ያውቃሉ።

ወለላ በማግሥቱ ደሴ ወጣች። ፀሐይ በመስኮት ገብታ አልጋው ላይ ተዘርግታለች። ነጠላውን ገፈፈች፣ ሽቦዋን ሰካች፣ ትንሿን ስክሪን ጉልበቷ ላይ አደረገች። ወይዘሮ ትዋብ ቢጫ ቀሚሳቸውን እንደለበሱ በሩ ላይ ቆመው፣ ምስር የሚለቅሙበትን ሰፌድ በእጃቸው ይዘው፣ እንደማያገባው ሰው ወደ ውጭ ያያሉ። ንባቡ የሚሆነው አንዴ ብቻ ነው። ሁለተኛ ቢሞከር የሚነበበው የመጀመሪያው ንባብ ራሱ ነው።

ለቀቀችው።

መጀመሪያ የማሽኑ የራሱ ኮተት መጣ፤ የሙቀት መጠን፣ የግፊት መጠን፣ የማይረባ። ቀጥሎ ፊደል መጣ። «ተራዎን ይለቃሉ» አለ ስክሪኑ። ቀጥሎ «እሺ» አለ። ቀጥሎ ደግሞ «እሺ» አለ።

ከዚያ «ግን» አለ።

ግን! ሆዱ ውስጥ ያልገባችው፣ ወረቀቱ ላይ ያልተጻፈችው ቃል ይህችውና። የሚቀጥለው ረድፍ ሊመጣ ነው፤ አባቷ ከ«ግን» በኋላ ያሉት እዚያ ነው ያለው።

ረድፉ መጣ። «ወለላ ይመር» ይላል።

ለአንድ አፍታ አባቷ የጠሯት መሰላት። ለአንድ አፍታ ብቻ። በዚያች አፍታ ውስጥ አቤት ልትል አፏን ከፍታ ነበር። ከዚያ ገባት። አባት ልጁን ከነአባቷ ስም አይጠራም። «ወለላ ይመር» ብሎ የሚጠራት የቢሮ ሰው ነው፤ ማኅተም ነው። አባቷ የተናገሩት በነበረበት ረድፍ ላይ የእሷ ስም ገብቶ ተቀምጧል፤ ያውም የእሳቸውን ስም ይዞ። ቀጣዩ ረድፍ የግፊት መጠን ነበር፤ የሚከተለውም እንደዚያው።

ስክሪኑን ዘግታ ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች። ጌጡ ነግሯት ነበር። ብቻዋን መስማት ትችል ነበር፤ ሕጋዊ ላድርገው ብላ በገዛ ስሟ አፋቸውን ከደነች። ከዚህ በኋላ በዓለም ላይ ያን ቃል የሚያውቅ ሰውም ማሽንም የለም።

«ምን አለ?» አሉ ወይዘሮ ትዋብ ከበሩ። ድምፃቸው ደረቅ ነበር።

«ሙሉውን አላገኘሁትም እማዬ። ጠፋብኝ። እኔው ነኝ ያጠፋሁት።»

«ያገኘሽውን ንገሪኛ።»

«‹እሺ እሺ፣ ግን› ነው የሚለው። ከዚያ ወዲያ…»

ሰፌዱ ከወይዘሮ ትዋብ እጅ ወደቀ። ምስሩ በወለሉ ተበተነ። ወለላ ዞር ስትል እናቷ ግድግዳውን ተደግፈው ቀስ ብለው እየተቀመጡ ነው፤ ፊታቸው ላይ ያለው ሳቅ ይሁን ለቅሶ አይለይም።

«ግን ብሏል?»

«ብሏል።»

«ግን ካለማ እምቢ ብሏል!» አሉ ወይዘሮ ትዋብ። «አንቺ ልጅ፣ አባትሽን አታውቂውም እንዴ? ይመር በዕድሜው እምቢ ብሎ ያውቃል? እምቢታው እኮ ‹እሺ ግን› ነበር! መናኸሪያ ተራ ሰብሮ ሊወጣ የሚመጣውን ሹፌር ሁሉ ‹እሺ ወንድሜ፣ እሺ፣ ግን ተራህ አይደለም› ነበር የሚለው። ሲሰድቡት እሺ፣ ሲገፈትሩት እሺ፣ ጉቦ ሲያሳዩት እሺ፤ ግን አንድ መኪና በእሱ ላይ ተራ ሰብሮ አልወጣም። እኔንም እንደዚያው ነው ያደረቀኝ። ቤቱን እንሽጥና አዲስ አበባ እንግባ ስለው ‹እሺ ትዋቤ፣ ግን› አለኝ፤ ይኸው ደሴ አርጅቻለሁ።» መሬቱን በመዳፋቸው መቱት። «‹እሺ እሺ፣ ግን ተራዬ ነው› ነው ያለው። ሌላ ምን ይላል! አስጠንቼው የለ? ሊለው ነበር እኮ። በራሱ መንገድ ዞሮ ሊደርስበት ነበር። እኔ ደግሞ ሙት ተቀየምኩ።»

ከዚያ አለቀሱ። ወለላ እናቷ ከቀብሩ ወዲህ እንዲህ ሲያለቅሱ አላየችም። ስማቸውን እየጠሩ፣ ይመር፣ ይመር እያሉ፣ ደረታቸውን እየመቱ ለጎረቤት እስኪሰማ አለቀሱ። ሲደክማቸው ተነሱና ቢጫውን አውልቀው ጥቁራቸውን ለበሱ። መጨረሻ ላይ ማሽኑ ዘንድ ሄደው ሶኬቱን ነቀሉት። አረንጓዴው መብራት ጠፋ።

የወለላ ደስታ ግማሽ ነበር። እናቷ ታርቀዋል፤ ወረቀቱ ግን አሁንም «በፈቃዱ» ይላል። አሁን ደግሞ ወይዘሮ ትዋብ ከእሷ ብሰዋል። «እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ» አሉ። «የባሌን አፍ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ማን አለ?»

የቃል ችሎቱ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ነው። ውጭው ላይ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ፤ ባለጉዳዩ ተራውን ይዞ፣ ከንፈሩን ገጥሞ ይቀመጣል። ወለላ በመንገድ ላይ ስትነዘንዛቸው መጥታለች።

«ምንም ቢጠይቅሽ ያቺን ቃል እንዳትይ። ‹አልቀበልም› ነው የምትዪው።»

«አልቀበልም።»

«ጮክ ብለሽ።»

«እኔ አባትሽ መሰልኩሽ?» አሉ ወይዘሮ ትዋብ።

ውስጡ አንድ ወንበርና አንድ ግድግዳ ነው። ዳኛ የለም፣ ጸሐፊም የለም። ከግድግዳው የሚመጣው ድምፅ በሥርዓት ያደገች ልጅ ድምፅ ነው፤ የማታውቀውን ሽማግሌ መንገድ ላይ ሳትሳለም የማታልፍ ዓይነት።

«እንኳን ደህና መጡ፣ እናቴ። ይቀመጡ። ስለ ሐዘንዎ እግዚአብሔር ያጽናዎት። የቀረበው ንባብ ታይቷል። ማኅተሙ የተሟላ ስለሆነ ንባቡ ተቀባይነት አግኝቷል።»

ወለላ እጇን ጨበጠች። እንግዲያው ያ ረድፍ በከንቱ አልተበላም።

«በንባቡ ላይ ‹እሺ› የሚለው ቃል ሁለት ጊዜ ተገኝቷል። ‹እሺ› በቃላት ሰንጠረዡ መሠረት ፈቃድ ነው። ቀጥሎ ‹ግን› የሚል ተገኝቷል። ‹ግን› አያያዥ ነው፤ ከተከታዩ ተነጥሎ ትርጉም አይሰጠውም። ተከታዩ የአንባቢዋ ማኅተም ሆኖ ተገኝቷል። የሟች ባለቤት የሚሉት ካለ ችሎቱ ይሰማል።»

ወይዘሮ ትዋብ ተናገሩ። አቀማመጣቸውን አስተካክለው፣ ጥቁር ሻሻቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ መናኸሪያውን ነገሩት። ሹፌሮቹን ነገሩት፣ ጉቦውን፣ ግፍተራውን፣ እሺታውን፣ ከእሺታው በኋላ የሚመጣውን። ወለላ እናቷ እንዲህ አሳምረው ሲናገሩ ሰምታ አታውቅም። ሰው የሚሰማቸው ቢሆን ኖሮ ሰው ያለቅስ ነበር። ድምፁ አንዴም አላቋረጣቸውም። ጨዋ ነው፤ እስከ መጨረሻው ጠበቀ።

«እናመሰግናለን፣ እናቴ» አለ። «የተናገሩት በሙሉ ተመዝግቧል። ምስክርነቱ ሟች በሌላ ጊዜ ስለተናገሩት እንጂ በዕለቱ ስለተናገሩት ባለመሆኑ፣ ‹በፈቃዱ› የሚለው ባለበት ይጸናል። ውሳኔውን ተቀብለዋል?»

ወለላ እናቷን አየች። ወይዘሮ ትዋብ ጥያቄው ገብቷቸዋል። መልሱን ያውቁታል፤ በመንገዱ ሁሉ ሲሉት ነው የመጡት። ግን የልጅ ድምፅ በትሕትና ጠይቋቸዋል፤ በልጅ ፊት ላይ «አልቀበልም» ብሎ በር አይዘጋም። ዕድሜ ሙሉ አብረው ከኖሩት ሰው ደግሞ አፍም ይወረሳል።

«እሺ የኔ ልጅ፣ ግን…»

በሩ ተከፈተ።

«እናመሰግናለን። ፈቃድዎ ተመዝግቧል። ቀጣይ ባለጉዳይ።»

ወይዘሮ ትዋብ አልተነሱም። ለግድግዳው መናገራቸውን ቀጠሉ፤ ተራው ነበር እኮ፣ ተራዬ ነው ሊል ነበር እኮ፣ ልጨርስ እንጂ የኔ ልጅ። ወለላ ልታነሳቸው ቀርባ ሳትነካቸው ቆመች። ይህ ሁሉ አሁን የሚሄደው ወዴት እንደሆነ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ወደ ሆድ አይወርድም። ጉንጭ ላይ ነው፤ የሚቀጥለው ሰው ገብቶ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ጤና ይስጥልኝ እስኪል ድረስ።

የሚቀጥለው ሰው በሩ ላይ ደርሰዋል። ባርኔጣ ያደረጉ፣ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ ናቸው። ሴትዮዋ ገና እየተናገሩ መሆናቸውን ሲያዩ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ።

«ይጨርሱ እህቴ» አሉ። «እኔ እቆያለሁ።»

«አባቴ» አለ ድምፁ ዝግ ብሎ፣ «ተራዎን ይለቃሉ?»

«ዝም ይበሉ!» ብላ ጮኸች ወለላ። «አባቴ፣ በሞቴ፣ አይመልሱለት!»

ሽማግሌው ደንግጠው አዩዋት። ችሎት ፊት እንዲህ የምትጮህ የማን ልጅ ናት የሚል አስተያየት ነበር። ከዚያ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ በትሕትና ወደጠየቃቸው ግድግዳ ዝቅ አሉና አፋቸውን ከፈቱ።